እጥፍ ክር

ሙሚና የገዛችው ክር ለያዘችው ጥልፍ እጥፍ ሆኖ መገኘቱ አብዱረዛቅን ሰላም ነሳው።

ሌላ ሰው ቢሆን ልብም አይለው። አብዱረዛቅ ግን የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ከመሆኑ በፊት ሸዋሮቢት ገበያ ውስጥ መኪና ዘርግቶ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ቀኝ እጁን ኦጋዴን ላይ ጥይት አድርቆ ሥራውን ባያስተወው ዛሬም ልብስ ሰፊ ነበር። ጨርቅ አይቶ ክሩን መገመት አልረሳም።

ሙሚና ደግሞ ክር የምታባክን ሴት አልነበረችም። ጥልፍ ልትጀምር ስትል መጀመሪያ ካሬ ወረቀት ላይ በቀለም ትነድፈዋለች፤ አንዱ ካሬ አንድ ስፌት ነው። ከዚያ የዓይናማውን፣ እንደ ወንፊት የተሸመነውን ጨርቅ ቀዳዳ ትቆጥርና መሃሉን በነጭ ክር ታመለክታለች። ከየቀለሙ የሚበቃትን ቱባ ብቻ ገዝታ ትመለሳለች። ዘንድሮ ግን ቀዩንም አረንጓዴውንም ጨርሳ ደግማ ገዛች። ባለሱቁ ራሱ ገርሞት ነው ለአብዱረዛቅ የነገረው። ጨርቁም የትራስ ልብስ የሚሆን ሳይሆን በር የሚያህል ነበር።

በር የሚያህል ጥልፍ በር ይሸፍናል፤ አብዱረዛቅ ያሰበው ይህን ነው።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ከሰፈሩ ሁለት ልጆች ጠፍተዋል። አንዱ የሙሚና ትንሹ ልጅ ከቢር ነው። ሌላው የራሱ የአብዱረዛቅ ልጅ ሳልህ ነው። አብሮ አደጎች ናቸው፤ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ጅቡቲ ገቡ የሚልም አለ። የአብዱረዛቅ ሚስት ዘምዘም መጀመሪያ ሰሞን ዓይኗ እስኪጠፋ አለቀሰች፤ አሁን ግን ትታዋለች። እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ልጄንም ባገኘው አስረክበዋለሁ» ብሏል። ፈርቶ ነው ያለው። ግን ያደርገው ነበር።

አለቃው፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ይህን አላመነም።

«ልጅህን ያሸሸኸው አንተ ነህ። የሙሚናን ልጅ እስከ ጁምዓ ካላመጣህ በሱ ፈንታ አንተን እንጭንሃለን።»

«እጄ እኮ…»

«አንድ እጅም ምሽግ ይቆፍራል።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ አብዱረዛቅ ሁለት ጠመንጃ ያዦች አስከትሎ ሙሚና ቤት ደረሰ። ሰዎቹን ውጭ አቁሞ ገባ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እትዬ ሙሚና።»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ጋሼ አብዱረዛቅ። ይግቡ እንጂ፣ ሐሩሩ አይምታዎት።»

ጥልፉ ጓዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ሙሽራዋ ቁጭ ብላ የታችኛውን ጠርዝ ትሰፋለች። የሙሚና ትልቁ ልጅ አብዱረሂም አሰብ ወደብ ነው የሚሠራው፤ ኒካው በወኪል ታስሮ ሙሽራዋ ከማጀቴ ከተማ መጣች ከተባለ ወራት ሆኗል። በአገሩ ወግ ሙሽራ ፊቷን ለባዳ ወንድ አትገልጥም፣ ድምጿንም አታሰማም። አብዱረዛቅም በወጉ ያደገ ሰው ነውና ዓይኑን ሰበር አደረገ።

ሙሽራዋ ጉፍታዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተነሳች። በርጩማ አቀረበችለት፣ ውሃ ቀድታ በግራው በኩል ዞራ ሰጠችው። ጥሙን ቆረጠ።

«ክር በዛብዎት አሉ፣ እትዬ ሙሚና።»

«ምን ላድርግ፤ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እፈታለሁ። የተፈታ ክር ደግሞ ይፍረከረካል፣ ሁለተኛ አይሆንም።» በብጥስጣሽ ክር የተሞላ ሙዳይ አሳየችው።

«ማጀቴ ጥልፍ የለም እንዴ?»

«ማን ያስተምራት ብለው።»

አብዱረዛቅ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ከቢር የት ነው?»

«ወላሂ እዚህ ቤት የለም። ከወጣ ወዲህ ጥላውንም አላየሁም።»

ሙሚና እንዲህ በቀላሉ የምትምል ሴት አይደለችም። ለልጇ ስትል ግን በሐሰትም ብትምልስ? አብዱረዛቅ ተነስቶ ወደ ጥልፉ ሄደ። ሙሽራዋ መርፌዋን እንደያዘች ወደ ጥግ ሸሸች።  ከቢር ከዚያ ጀርባ ካለ አብዱረዛቅ ተረፈ፣ ሙሚና አለቀላት። አፈረም፣ ተስፋም አደረገ።

በግራ እጁ ጥልፉን ገለጠው።

የጭቃ ግድግዳ ነው። በጉልበቱ ገፋው፣ በቡጢ መታው፤ ድፍን ነው። አልጋ ሥር አየ፣ የማሽላውን ጎተራ በእንጨት ወጋጋ፣ ቆጡ ላይ ተንጠራራ። ምንም የለም።

ተመልሶ በርጩማው ላይ ዘፍ አለ።

«እንግዲህ ነገ የሚወስዱት እኔን ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሙሚና ሙዳዩን ከደነች። ሙሽራዋ ግን ከጥጓ መጥታ ተንበረከከችና ጉልበቱን ሳመችው፤ ቶሎም ቀና አላለችም። የባዳ ልጅ እንዲህ ስታዝንለት አብዱረዛቅ ግራ እጁን ጉፍታዋ ላይ አሳረፈ።

«አላህ ወንድ ልጅ ይስጥሽ፣ ልጄ። አጠገብሽ የሚኖር ይሁንልሽ፤ እንደኔ አትሁኚ።»

ወጣ። ከጠመንጃ ያዦቹ አንዱ «እህስ?» አለው።

«ምንም የለም። ክር ብቻ ነው።»

ሙሚና የእግራቸው ኮቴ እስኪርቅ ጠብቃ በሩን ቀረቀረች።

«አባቴ እንዴት ከስቷል» አለ ሳልህ፣ ጉፍታውን ከፊቱ ላይ እየገፈፈ።