በምላጭ ወይስ በወስፌ

ባሏ በልጃቸው በኬኔ ሠርግ ላይ ሲጋር ማጨሱን አሥር ዓመት ሙሉ ይቅር አላለችውም። በምእመናን ፊት አዋረደኝ ብላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የከሰሰችውም እሷው ነበረች። ከመዘምራን አስወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እንኳን ዘምሮ አያውቅም።

አሁን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ውሏል። «አንዴ ብቻ» ብሎ ስለለመናት፣ ያኔ የሠርጉ እንግዳ ከሰጠው ሁለት ሲጋር የተረፈውን ከሣጥን ሥር አወጣችው። በአንድ እጇ ሲጋሩን፣ በሌላው ምላጭና ወስፌ ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ልቁረጠው ወይስ ልብሳው?»

«ሃዳ ኬኔ፣ ሽንኩርት መሰለሽ እንዴ?» አላት የኬኔን እናት፣ በተጣመመ አፉ እየሳቀ። «ጫፉን ብቻ ንኪው። ብዙ ከቆረጥሽ ቅጠሉ ይተረተራል፣ አለቀ።»

ምላጩን ፈራችው። በወስፌው ቀስ ብላ በሳችውና ክብሪት ጫረችለት፤ እሱ ግን መሳብ አቃተው። እንዲያያዝለት ብላ ራሷ አፏ ውስጥ ከታ ሳበችው። ሳል አንቆ ያዛት፣ እንባዋ ፈሰሰ።

ለበሽተኛው ሊጸልዩ የመጡት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ይኼኔ በሩን ከፍተው ገቡ። ጭሱን አዩና ዞር ብለው እንኳን ሳያይዋት፣ «አባ ኬኔ፣ ዛሬም አልተውከውም?» አሉ።

ባሏ እንደ ለመደው ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ ነኝ የማጨሰው፣ ኦቦ ጋሩማ» አለች። «ያኔ እሱን እንደከሰስኩት፣ አሁን እኔን ጉባኤ ፊት ያቅርቡኝ።»

ሲጋሩንም መልሳ አፏ ውስጥ ከተተችው።