የዓባይ ግንድ

ዓባይ ማዶ ሰፈር ውስጥ ሰው አንድ አባባል ካመለጠው፣ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የአባባሉን ወላጅ ሳይነግሩት አይሸኙትም። ማን አለው፣ የት አለው፣ በማን ላይ አለው። የቅኔ መምህር ናቸውና ሰሙን ለሁሉም፣ ወርቁን ለሚወዱት ሰው ብቻ ይሰጣሉ።

የሚወዱት ሰው አቡጀዲ ነጋዴው ሰላሁዲን ነበር። ሃያ ዓመት በጉርብትና ኖረዋል። ባለፈው ኅዳር ከቁንዝላ በጀልባ አብረው ሲመለሱ፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ቃል ወርቁን በጆሮው ነገሩት። ጀልባዋ እስክትናወጥ ሳቁ።

ነሐሴ 1970 ዓ.ም. በቀበሌው ስብሰባ ካድሬው ጓድ አለበል፣ «ስኳሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» አለ። ይህን ሲል ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሰላሁዲን ከኋላ ሆኖ ያችን ቃል ወረወራት። አጠገቡ ያለው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ መጥተው ወሰዱት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሚስቱ ዘይነት መሪጌታ ደጅ ቆመች። ግቢ ቢሏት እምቢ አለች።

«መሪጌታ፣ የቃሉን ትርጉም የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋሉ። ቢሄዱልኝ።»

«እሱ ምን አለ?»

«ከመሪጌታ በቀር የሚያውቀው የለም አለ።»

«ጤናውስ? ስንቁን አደረስሽለት?»

«ደህና ነው» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። እጇ ባዶ ነበር፤ የስንቅ ዕቃ አልያዘችም።

እሷ ስትሄድ የመሪጌታ ባለቤት ውዴ ከጓዳ ወጣች።

«አይሂዱ። ዝም አይነቅዝም ሲሉ አልነበር?»

«ዝምታስ አይነቅዝ። ሰላሁዲን ግን እስር ቤት ነቀዘ። እኔ ባልነግረው ኖሮ መቼ ይለው ነበር?»

ካባቸውን ደርበው፣ ወደ ጓድ አለበል ቢሮ ድልድዩን ተሻገሩ። ከታች ዓባይ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ይወርዳል።

ጓድ አለበል ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው። ሻይ አዘዘ፤ ጾመኛ ነኝ አሉት። ወረቀቱን ዘርግቶ ብዕሩን ከፈተ።

«እስቲ ቃሉ ከየት መጣ፣ መሪጌታ?»

በሕይወታቸው የአባባል ምንጭ ፈጥረው አያውቁም። ያን ቀን ፈጠሩ።

«ከዚሁ ከዓባይ ዳር ነው የመጣ። አንድ ጎጆ የፈረሰበት ሽማግሌ ነበረ። ክረምት ነው፤ ለምሰሶ የሚሆን እንጨት አጥቶ ወንዙ ዳር ቆሞ ሲያይ፣ ዓባይ ግንዱን እያንከባለለ ያልፋል። ‹አየ፣ እኔ ቤት እያለኝ ግንድ አጣሁ፤ አንተ ማደሪያ ሳይኖርህ ለማን ቤት ትጎትታለህ?› አለው። ይኸው ነው። የድሃ ሰው ቀልድ ነው።»

አለበል ሳቀ። የሰማውን አንድም ሳያስቀር ጻፈ።

«ሌላ ትርጉም የለውም?»

«የለውም።»

«በሃይማኖትዎ?»

መሪጌታ የሰላሁዲንን ልጆች አሰቡ።

«በሃይማኖቴ።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ፈረሙ። ከደረታቸው ላይ ድንጋይ የተነሣ መሰላቸው። «በሉ ሰላሁዲንን አምጡልኝ፤ አብረን እንሂድ» አሉ።

አለበል ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። «ሰላሁዲንማ ትናንት ተፈታ፤ አባዩ ካድሬው፣ ግንዱም ጠመንጃው ነው ብሎ ያስተማረውን ሰው ስም ከነገረን በኋላ።»