የአክስቴ መራራ ሥር

ለድባቴዬ ክኒን በጀመርኩ ማግስት፣ አክስቴ ጥሩአየሁ የምታውቀውን የመድኃኒት ሥር እንድታፈላልኝ ለመንኳት። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው አንድ ብርጭቆ መራራ ጠጣሁ። እንቅልፌ ሲመለስ ምስጋናውን ሁሉ ለሥሩ ሰጠሁ፤ የባዮሎጂ መምህሩ እኔ፣ በመምህራን ማረፊያ ስለ ኃይሉ ሰበክኩ። ክኒኑን ላቆምም ቆርጬ ነበር።

በቀጠሮዬ ቀን አክስቴ ተከትላኝ ገባች።

«ከክኒኑ ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» አለችኝ ሐኪሟ።

«ምንም።»

አክስቴ ከመቀነቷ ደረቅ ሥር ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ዶክተርዬ፣ ይኼ ከክኒኑ ጋር ይስማማል? እርስዎን ሳልጠይቅ አልሰጠውም ብዬ ነው።»

«ታዲያ እኔ የምጠጣው ምንድን ነው?» አልኳት።

«እምቢ ብልህ መች ታስቀምጠኝ ነበር? ያረረ ገብስ ነዋ!»