ከለቅሶ ቤት አወጣጥ

ካያል በታሚሎች የባሕር ጠረፍ መንደር እነሱ ቤት በእንግድነት ላረፈችው ፈረንጅ ያላስተማረቻት ነገር አልነበረም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ በቀኝ እጅ ይበላል፣ ሲመሽ ሴት ብቻዋን ወደ ባሕሩ ዳርቻ አትሄድም። ከሰው ቤት ስትወጣ ደግሞ «ሄድኩ» አይባልም፤ «ሄጄ እመጣለሁ» ነው የሚባለው። ሴትዮዋም እንደ በቀቀን ሸመደደችው። ካያል የዘነጋችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከለቅሶ ቤት ሰው ምንም ሳይል ነው የሚወጣው። እመጣለሁ ካለ ሌላ ሞት ይጠራል።

እትዬ ፑንኮዲ ባሏን ባሕር ከወሰደባት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ከካያል ጋር ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ፈረንጅ ከምንጣፉ ተነሣች፣ መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጠመችና ጥርት ባለ ታሚልኛ «ሄጄ እመጣለሁ!» አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠባት።

«ኧረ ይቺን አፏን ዝጉልኝ!» አሉ አንዲት አሮጊት። «አንቺ ነሽ አይደል ያስተማርሻት፣ ምላሳም!»

ካያል የፈረንጇን ክንድ ይዛ ልትጎትታት ስትል እትዬ ፑንኮዲ ከጥጉ ቀና አለች።

«ተዉአት። ባሏ የሞተባትን ገደቢስ ደጅ ከእንግዲህ ማን ሊረግጥ ነው? መቼ ነው የምትመጪው፣ ልጄ?»

ፈረንጇ ስላልገባት ወደ ካያል ዞረች። ሻንጣዋ እነ ካያል ቤት በር ላይ ተሸክፎ ነበር፤ አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡስ ይዛ ላትመለስ ትሄዳለች።

«ለመከር በዓል፣ ለፖንጋል» አለች ካያል በእሷ ፈንታ።

እትዬ ፑንኮዲ ጣቶቿን ዘርግታ ወራቱን መቁጠር ጀመረች።