ወደ ላይ የሚዘንብ ዝናብ

ጣቷ ከስልኳ «አጋራ» የሚለው ቃል ላይ ደርሶ ቆመ። አርባ ቀን ሙሉ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ በየማለዳው አንድ አንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በኮምፒውተር ኮድ ጽፋ ሠርታለች፤ አንዱንም ግን ለሰው አላሳየችም። የዛሬው ደግሞ ተበላሽቶባታል፤ ኮዱ ውስጥ አንዲት የመቀነስ ምልክት ያለቦታዋ ገብታ ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስትዪኝ ነበር» አለች እናቷ፣ ከኋላዋ ቆማ ሻሿን እያሰረች። «ያንቺ እንቁላል ግን ከቤት ሳይወጣ ሊያረጅ ነው።»

«እማዬ፣ ተሳስቷል እኮ! ላስተካክለውና ነገ...»

«ትናንትም ነገ ብለሽኛል።»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣትና ዓይኗን ጨፍና «አጋራ»ን ነካችው። ከበሩ ሳትወጣ ስልኳ ጮኸ፤ ሥዕሉን ያየ የማታውቀው ሰው የላከው መልእክት ነው። «ዝናቡን እንዴት ወደ ላይ አስኬድሽው? ሦስት ቀን ሞክሬ አቃተኝ።»

«ተሳስቼ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያም የተሳሳተውን የኮድ መስመር፣ ሳታርመው፣ ላከችለት።