የጾም ብስኩት ከሞጣ

በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ሊመረጥ አንድ ሳምንት ሲቀር፣ የቢቸናው ዕጩ ወልደ ኪዳን ከንፈሩ አብጦ ለቅዳሴ መጣ።

አክስቱ ይርጋነሽ በር ላይ አገኙት።

«ይህን ከንፈር አውቀዋለሁ» አሉ። «ልጅ ሳለህ ወተት ስትጠጣ እንዲህ ትሆን ነበር። እያበጥክም አትተወውም።»

«እትዬ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

ሰው ሰማ።

ወልደ ኪዳን ማለ። ጾሙ ከገባ ወዲህ ከሽሮና ከብስኩት በቀር የቀመሰው የለም። ብስኩቱን ከተማው ያውቀዋል። ቅበላ ሰሞን ከሞጣ አንድ ካርቶን አምጥቶ፣ ባጃጅ አልፈልግም ብሎ፣ ከመናኸሪያ እስከ ቤቱ በትከሻው ተሸክሞታል። «የጾም» የሚለው ጽሑፍ ከሩቅ ይነበብ ነበር።

ቤቱ የወለደች ላም አለች። ሚስቱ አየሁሽ በጾም ወተቱን ለቅቤ ታጠራቅማለች። ዘንድሮ ቅቤው አልበረክት ስላላት ድመቷን ከቤት አባርራለች።

ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ኪዳንን አስጠሩት።

«እሑድ ሕዝቡ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ምክንያቱ ካልታወቀ ስምህን ከዕጩዎቹ አወጣዋለሁ።»

ሐሙስ በሬዲዮ ማስታወቂያ ተነገረ። ሞጣ የተከፋፈለው ያ ብስኩት ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የወተት ዱቄት ተገኝቶበታል። ወተት የማይስማማው ሰው ከንፈሩና ፊቱ ሊያብጥ ይችላል። የገዛ ሁሉ እንዳይበላውና እንዲመልስ።

ወልደ ኪዳን የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጎ በሩን ከፈተው።

«ሳያውቅ የበላ አልገደፈም» አሉ ቄሱ።

እሑድ በእልልታ ተመረጠ። «የተጻፈውን አመንኩ፤ ጥፋቴ ይኸው ነው» ሲል ጥቂት ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ይርጋነሽ ጉንጩን ሳሙት።

«ይቅር በለኝ ልጄ። ክፉ አፍ ነው ያለኝ።»

«እግዜር ይፍታዎት፣ እትዬ።»

ሰኞ እዮብ የተባለ የጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ብስኩቱን ከየቤቱ ሲሰበስብ እነ ወልደ ኪዳን ጋ ደረሰ። ወልደ ኪዳን አልነበረም፤ የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ነው። አየሁሽ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችና አቧራውን ጠረገችለት።

«ምን ያህል ቀረ?» አላት።

«እንጃ። የሚበላው እሱ ነው፤ እኔ ነክቼው አላውቅም።»

እዮብ የቀረውን ሊያይ ካርቶኑን አዞረው፤ ገለበጠው፤ የተከፈተበትን ጎን ፈለገ።

የፋብሪካው ፕላስተር ከላይም ከታችም እንደተለጠፈ ነበር።