የቱላው መድኃኒተኛ

ኤድስን ከሥሩ ይነቅላል የተባለለት ጥቁር ውሃ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ሩታ አጥንቱ ብቻ የቀረውን ባሏን በአንድ እጇ ደግፋ ኩባያውን ወደ አፉ አስጠጋች። ገና ከመቅመሱ አስመለሰው። መድኃኒተኛው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "በሽታው እየወጣ ነው፤ ድገሚለት" አላት።

በዚህ መሃል የመድኃኒተኛው ሞባይል የሰዓት ማንቂያ ደወለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ነጭ የክኒን ብልቃጥ አወጣና አንድ ፍሬ ዋጠ። ሩታ ብልቃጡን አወቀችው። ባሏ በመድኃኒተኛው ትእዛዝ ሽንት ቤት የጨመረው ያው የሆስፒታሉ የኤድስ መድኃኒት ነበር።

"እርስዎም ይወስዳሉ?"

"የራስ ምታት ነው፣ የኔ ልጅ።" እርጥብ ከንፈሩን በመዳፉ ጠረገ። "በይ አጠጪው።"

ሩታን አንገፈገፋት። መድኃኒተኛው እግር ሥር ምራቋን ተፋች። ከዚያ ባሏን አዝላ ወደ ሆስፒታሉ ወጣች፤ እንደ ሕፃን ቀለላት።